የተርቡለንስ ሞዴል ሲያስቸግር፦ በገላን መጋዘን ምሳሌ ስህተቱን ደረጃ በደረጃ ማግኘት

የነፋስ ሲሙሌሽን ሲፈነዳ ወይም ያወጣው ቁጥር አላሳምን ሲል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚነካው የተርቡለንስ ሞዴሉን (የነፋሱን ሽክርክሪትና ትርምስ በቀመር የሚተካውን ክፍል) ነው። ኬ-ኤፕሲሎን የተባለውን ሞዴል በኬ-ኦሜጋ ኤስኤስቲ ይተካል፣ እሱም አልሆን ሲለው ሪያላይዘብል የተባለውን የኬ-ኤፕሲሎን ዓይነት ይሞክራል፤ በመጨረሻ ሦስት የማይገናኙ መልሶች ይዞ ይቀራል። ሞዴል የሚቀየረው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ነው። የአየሩ ባሕርይ፣ የመግቢያው ቁጥር፣ ሜሹ (ቦታው የሚከፋፈልበት የትንንሽ ሴሎች መረብ)፣ የግድግዳው አያያዝ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ናቸው። የታችኛው ተዛንፎ ሳለ የላይኛውን መነካካት ስህተቱን ይደብቀዋል እንጂ አያነሳውም።

ምሳሌያችን ገላን ዳር፣ በአንድ በኩል የጤፍ ማሳ፣ በሌላው በኩል ፋብሪካ የሚያዋስነው የብረት መጋዘን ነው እንበል። ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር፣ ቁመቱ 8 ሜትር፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ ቆርቆሮ። ነፋሱ ረጅሙን ጎን ፊት ለፊት ይመታል፤ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ፍጥነቱ 10 ሜትር በሰከንድ ነው። ማወቅ የምንፈልገው ነፋሱ የጣሪያውን ጠርዝ በምን ያህል ኃይል ወደ ላይ እንደሚስብ ነው። የምንሠራው ኦፕንፎም በተባለው የፍሰት ማስያ ሶፍትዌር ነው፤ ሌላው ሶፍትዌር፣ ፍሉየንት፣ የሚለይበት ቦታ ላይ እንጠቅሳለን።

በመጀመሪያ የችግሩን ዓይነት ይለዩ

ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት የሎግ ፋይሉን ከፍተው ከሦስቱ የትኛው እንደገጠመዎት ይወስኑ። አንደኛው ፍንዳታ ነው፦ ቁጥሮቹ በየዙሩ በአሥር እጥፍ እያደጉ ሄደው ፕሮግራሙ ይቆማል። ሁለተኛው መንጠልጠል ነው፦ ሬዚጁዋሎቹ (በየዙሩ የሚቀረው የስሌት ስህተት) እስከ 10⁻³ ድረስ ወርደው ከዚያ ወዲያ ወዲህ ይዋልላሉ፣ አይወርዱም። ሦስተኛውና አደገኛው፣ ሬዚጁዋሉ 10⁻⁵ ደርሶ፣ ሥዕሉም አምሮ፣ መልሱ ግን የተሳሳተው ነው። የመጀመሪያው ራሱን ያጋልጣል፤ ሦስተኛው ግን ደንበኛ እጅ ገብቶ ቆርቆሮ እስኪነቀል ድረስ ማንም ላያየው ይችላል። ስለዚህ ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለውን ሲሙሌሽኑ ባይፈነዳም ይሥሩት።

ደረጃ 1፦ አየሩ የገላን አየር ይሁን

ፍሉየንት ሲከፈት የሚሰጠው አየር እፍግታው 1.225 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ነው። ይህ በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ አየር ነው። ገላን ግን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 78.5 ኪሎፓስካል ይወርዳል። በ22 ዲግሪ እፍግታው 0.93 ገደማ ይሆናል፣ ማለትም ከተሰጠው በ24 በመቶ ያነሰ። ወደ ሱሉልታ ሲወጡ በ2,600 ሜትርና በ15 ዲግሪ 0.89 ይሆናል፤ እንጦጦ አናት 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በቀዝቃዛ ቀን እንኳ 0.86 አካባቢ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ግፊቱን በፓስካል ይውሰዱና ለ287 ያካፍሉ፣ ውጤቱን ደግሞ ለኬልቪን ሙቀቱ ያካፍሉ። የአየሩ ዳይናሚክ ቪስኮሲቲ ከከፍታ ጋር አይቀየርም፤ በ22 ዲግሪ 1.82×10⁻⁵ ነው። ለእፍግታው ሲካፈል ኪነማቲክ ቪስኮሲቲው 1.96×10⁻⁵ ሜትር ካሬ በሰከንድ ይሆናል። የባሕር ጠለሉ 1.46×10⁻⁵ ነው። የአንድ ሦስተኛ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ዋይ-ፕላስም (ደረጃ 5 ላይ የምናየው የግድግዳ ርቀት መለኪያ) በዚያው ልክ ይዛነፋል።

በዚህ መጋዘን ላይ በይበልጥ የሚጎዳው የእፍግታው ስህተት ነው። የ10 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ግፊት በ1.225 ሲሰላ 61 ፓስካል፣ በ0.93 ሲሰላ 46.5 ፓስካል ነው። ኦፕንፎም ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ሲምፕልፎም በሚባለው ማስያው ያለው ግፊት ለእፍግታ የተካፈለ ነው። ኃይል የሚያሰላው ፈንክሽን ውስጥ «ሮ-ኢንፍ» የሚለው ቁጥር ከማስተማሪያ ምሳሌ ተገልብጦ 1 ሆኖ ይቀራል። 0.93 ብለው ይጻፉበት። ግፊቱን በፓራቪው (የውጤት ማያ ፕሮግራም) በሥዕል ሲያወጡም በ0.93 ማባዛቱን አይርሱ።

ደረጃ 2፦ የመግቢያውን ቁጥር በእጅ ያስሉ

የኦፕንፎም ማስተማሪያ ምሳሌዎች ውስጥ ኬ (የተርቡለንሱ ጉልበት) 0.375፣ ኤፕሲሎን (ጉልበቱ የሚጠፋበት መጠን) 14.855 የሚል አለ፤ በሞተርሳይክሉ ምሳሌ ደግሞ ኬ 0.24፣ ኦሜጋ (የኤፕሲሎን መጠን ከኬ አንጻር) 1.78 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከማይመለከታቸው ሥራ ውስጥ እየተገለበጡ ሲገቡ በብዛት ይታያል። ቁጥሩ የተሠራው ለዚያ ምሳሌ ስፋትና ፍጥነት ብቻ ነው።

ለገላን ነፋስ የሚያስፈልገው መጀመሪያ የመሬቱ ሸካራነት ርዝመት ነው። ጤፉ ታጭዶ ሜዳው ራቁቱን ሲቀር 0.03 ሜትር፣ ሰብል ቆሞና አጥር እዚህም እዚያም ሲኖር 0.1፣ ባሕር ዛፍና ቤት ሲቀላቀል ከ0.25 እስከ 0.5፣ ኮንዶሚኒየም ጥቅጥቅ ባለበት 1 ገደማ ይወሰዳል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለይተው ለየአቅጣጫው የተለየ ቁጥር ይስጡ። የከተማዋ ዳርቻ በየዓመቱ መልኩ ስለሚቀየር የቆየ የሳተላይት ፎቶ አይመኑ፤ ቦታው ላይ ሄዶ ማየት ይሻላል።

በማሳው በኩል 0.1 ብንወስድ ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። 10.1ን (ከፍታውና ሸካራነቱ ተደምረው) ለ0.1 ሲያካፍሉ 101 ነው፤ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ 4.615። 0.4ን (የፎን ካርማን ቋሚ ቁጥር) በነፋሱ ፍጥነት፣ በ10፣ አባዝተው ለ4.615 ሲያካፍሉ የግጭት ፍጥነቱ 0.867 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ከዚህ በኋላ፦

ኬ፦ 0.867 በራሱ ተባዝቶ ለ0.3 ሲካፈል 2.5 ሜትር ካሬ በሰከንድ ካሬ፤ በከፍታ አይለወጥም።
ኤፕሲሎን በ10 ሜትር ከፍታ፦ 0.867 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.4 በ10.1 ተባዝቶ ለሚገኘው ሲካፈል፣ 0.161።
ኦሜጋ በዚያው ከፍታ፦ ኤፕሲሎን ለ0.09 ኬ ሲካፈል፣ 0.72።

ይህን ቀመር ሪቻርድስና ሆክሲ በ1993 አቅርበውታል፤ ኦፕንፎም ውስጥ የከባቢ አየር መግቢያ በሚባሉት ባውንደሪዎች (የስሌቱ ድንበር ላይ የሚሰጡ ሁኔታዎች) ተሠርቶ ተቀምጧል። ቢሆንም በእጅ አስልተው ሶፍትዌሩ በመጀመሪያው ዙር ከጻፈው ጋር ያስተያዩ። የ0.1 ፈንታ 0.5 ቢገባ ኬ ከ2.5 ወደ 5.8 ይዘላል።

አሁን የተርቡለንስ ቪስኮሲቲውን (0.09 በኬ ካሬ ተባዝቶ ለኤፕሲሎን ሲካፈል) ይመልከቱ። በ10 ሜትር ላይ 3.5 ሜትር ካሬ በሰከንድ ይመጣል። በ0.375ና በ14.855 ቢሠሩት ኖሮ 0.00085 ይሆን ነበር፤ ከሚገባው በ4,000 እጥፍ ያነሰ። ሲሙሌሽኑ ያለምንም ቅሬታ ያልቃል፤ ነገር ግን የፈሰሰው ነፋስ የገላን ነፋስ አይደለም።

ፍሉየንት የሚጠቀሙ ደግሞ የቪስኮሲቲ ምጣኔው በ10⁵ ተገድቧል የሚል ማስጠንቀቂያ ያገኛሉ። በቧንቧ ወይም በክንፍ ሥራ ይህ ማስጠንቀቂያ የስህተት ምልክት ነው። በሜዳ ነፋስ ግን ተፈጥሯዊ ነው፦ 3.5 ለ1.96×10⁻⁵ ሲካፈል 1.8×10⁵ ነው። ገደቡ ባለበት ከተተወ ከመሬት 5.6 ሜትር ገደማ በላይ ያለው ነፋስ በሙሉ ይቆረጣል። ወደ 10⁷ ከፍ ያድርጉት።

የመውጫውንም ነገር እዚህ ይጨርሱ። አየር በመውጫው በኩል ወደ ኋላ የሚመለስበት ዙር አይጠፋም፤ ሲመለስ ይዞት የሚገባው ኬና ኦሜጋ ከመግቢያው ጋር ተመሳሳይ እንዲሆን ኢንሌት-አውትሌት የሚባለውን ሁኔታ ይስጡ። ዜሮ ግራዲየንት (የውስጡን ቁጥር እንዳለ የሚገለብጠው) ብቻ ከሆነ ከመውጫው የሚጀምር ፍንዳታ ይጠብቁ።

ደረጃ 3፦ መጋዘኑን አውጥተው ባዶውን ሜዳ ያስሂዱ

ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያድነውም ይኸው ነው። መጋዘኑ የሌለበትን ያንኑ ሜሽ፣ ያንኑ ባውንደሪ ይዘው ያስሂዱ። መግቢያ ላይ የሰጡት የፍጥነትና የኬ መስመር መጋዘኑ ሊቆምበት ካለው ቦታ ሲደርስ ሳይለወጥ መገኘት አለበት። በ10 ሜትር ላይ ፍጥነቱ ከ5 በመቶ በላይ ከተለወጠ ወደፊት አይሂዱ።

ኬ ከላይ ወደ ታች እየከሳ ከሄደ ጥፋቱ ነፋሱ የሚሰላበት ሳጥን የላይኛው ባውንደሪ ነው። ሲሜትሪ ብቻ ሲሰጥ ከላይ የሚገባ የሽር ጉልበት (የአየር ንብርብሮች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ የሚፈጠር) ስለማይኖር ነፋሱ ቀስ እያለ ይሞታል፤ የላይኛውን ፍጥነት ወይም የሽር ጫና ራስዎ ይስጡት። ነፋሱ መሬት አካባቢ ከፈጠነ ደግሞ የመሬቱ ግድግዳ ለስላሳ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔው ደረጃ 5 ላይ አለ።

የሳጥኑን መጠንም እዚሁ ያረጋግጡ። የተለመደው መመሪያ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የሕንፃውን ቁመት 5 እጥፍ፣ ከኋላ 15 እጥፍ ይላል፤ ለእኛ 40 ሜትርና 120 ሜትር። ነገር ግን በዚህ ብቻ ከሄዱ ሳጥኑ 120 ሜትር ስፋትና 48 ሜትር ከፍታ ይኖረዋል፤ የመጋዘኑ 320 ሜትር ካሬ ፊት ከዚያ ውስጥ 5.6 በመቶውን ይዘጋል። መዝጋት የሚፈቀደው እስከ 3 በመቶ ነው። ለረጅምና ዝቅተኛ ሕንፃ የ5 እጥፉ ሕግ አይበቃም። ጎኖቹን ወደ 60 ሜትር፣ ከፍታውን ወደ 70 ሜትር ያስፉ፤ 2.9 በመቶ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ሜሽ

የኦፕንፎምን ሜሽ ፈታሽ፣ ቼክሜሽን፣ ያስሂዱና ሁለት ቁጥር ይፈልጉ፦ ከፍተኛው የኖን-ኦርቶጎናሊቲ ማዕዘን (የሴሎቹ ፊት መዝመም) ከ70 ዲግሪ በታች፣ ስኪውነስ (የሴሎቹ መጣመም) ከ4 በታች። ከ70 እስከ 80 ባለው ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የኖን-ኦርቶጎናል ማረሚያ ዙር ጨምሮ መሥራት ይቻላል። ከ80 ካለፈ ሜሹን እንደገና ይሥሩት፤ ሪላክሴሽን (ቁጥሩ በአንድ ዙር ምን ያህል እንዲቀየር የሚፈቅደው) ዝቅ በማድረግ ማለፍ ራስን ማታለል ነው።

በሕንፃው ቁመት ቢያንስ 10 ሴል ይኑር፤ ለእኛ 0.8 ሜትር። በጣሪያው የፊት ጠርዝ ዙሪያ ግን ወደ 0.2 ሜትር ያውርዱት፣ ምክንያቱም አየሩ ከቆርቆሮው የሚላቀቀው እዚያ ነው፤ የምንፈልገው ኃይልም እዚያ ነው ያለው። ከአንዱ ሴል ወደ ቀጣዩ ዕድገቱ ከ1.2 አይለፍ። የኦፕንፎም ሜሽ ሠሪ፣ ስናፒ፣ የሚሠራቸው የግድግዳ ንብርብሮች ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ይጠፋሉ፤ ሎጉ «98 በመቶ ተሸፍኗል» ቢልም የጎደለው 2 በመቶ ብዙ ጊዜ ያው ጠርዙ ነው። በፓራቪው አጉልተው በዓይንዎ ይዩት።

የኮምፒውተሩን ማስታወሻ (ራም) በተመለከተ ለአንድ ሚሊዮን ሴል 1 ጊጋባይት ገደማ ይያዝ። 16 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ይህን መጋዘን ያለችግር ይሸከማል።

ደረጃ 5፦ ግድግዳው

ዋይ-ፕላስ የመጀመሪያው ሴል መሐል ከግድግዳው ያለው ርቀት በግጭት ፍጥነት ተባዝቶ ለኪነማቲክ ቪስኮሲቲ ሲካፈል የሚገኝ ነው። ዎል ፈንክሽን (ግድግዳው አጠገብ ያለውን ፍሰት በቀመር የሚተካ) ከተጠቀሙ ከ30 እስከ 300 ይሁን፤ ግድግዳው ድረስ ካሰሉ 1 አካባቢ። ከ5 እስከ 30 ባለው መካከል የትኛውም ቀመር በትክክል አይሠራም፤ ሜሽ ሲያደቅቁ ሳያስቡት እዚያ ውስጥ መውደቅ ቀላል ነው።

ለመጋዘኑ ቆርቆሮ የግጭት ፍጥነቱን 0.45 ገደማ ብንወስድና የመጀመሪያው ሴል ውፍረት 2 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ መሐሉ 1 ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ ዋይ-ፕላስ 230 ይመጣል። ጥሩ ነው። ውፍረቱን ራሱን ከመሐሉ ጋር አያምታቱ፤ የሁለት እጥፍ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ካስሄዱ በኋላ ዋይ-ፕላስ የሚያሰላውን ፈንክሽን ጠርተው በእርግጥ የሆነውን ይዩ። አየሩ በተላቀቀበት ስፍራ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ያ አያስደንግጥዎ፣ አማካዩን ይመልከቱ።

ግድግዳ ላይ የሚሰጡት ሁኔታዎች እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። ለኬ፣ ለኦሜጋ ወይም ለኤፕሲሎንና ለተርቡለንስ ቪስኮሲቲው (ኑቲ) ሦስቱም የዎል ፈንክሽን ይሁኑ፤ ወይም ሦስቱም ግድግዳው ድረስ ለሚያሰላ አሠራር። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋት ኬ ዜሮ ተደርጎ ኑቲ የዎል ፈንክሽን ሆኖ መቅረቱ ነው። የዎል ፈንክሽኑ ከኬ ላይ ስለሚያሰላ የግድግዳው ግጭት ይዛነፋል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም።

መሬቱ የራሱ ችግር አለው። በፍሉየንት የመሬት ሸካራነት የሚሰጠው በአሸዋ ቅንጣት ቁመት ነው፤ ቁመቱም 9.793 በሸካራነቱ ርዝመት ተባዝቶ ለሸካራነት ቋሚው ይካፈላል። በ0.1 ሜትርና በተለመደው 0.5 ቋሚ 1.96 ሜትር ይወጣል። የመጀመሪያው ሴል መሐል ደግሞ ከዚህ ቁመት በላይ መሆን አለበት፤ ስለዚህ መሬት ላይ ያለው ሴል 4 ሜትር ሊወፍር ነው። 8 ሜትር ለሆነ መጋዘን ይህ የማይሆን ነገር ነው። ቁጥሩን ዝም ብሎ ዝቅ ማድረግ ደግሞ ደረጃ 3 ላይ ያየነውን የነፋስ መፍጠን ያመጣል። ኦፕንፎም ላይ የሸካራነቱን ርዝመት በቀጥታ የሚቀበል የከባቢ አየር ዎል ፈንክሽን አለ፤ እሱን ይጠቀሙ። ስሙ የሚመሳሰል፣ የአሸዋ ቅንጣት ቁመት የሚጠይቅ ሌላ ፈንክሽንም ስላለ አይለዋወጡብዎት። ፍሉየንት ላይ ከቀሩ ቋሚውን በተጠቃሚ ፈንክሽን ከፍ ማድረግ ነው፤ በ7 ቢሆን ቅንጣቱ 14 ሴንቲሜትር ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ሲፈነዳ

ኦፕንፎም «ባውንዲንግ ኬ» ወይም «ባውንዲንግ ኦሜጋ» ብሎ ትንሹን፣ ትልቁንና አማካዩን ሲጽፍ፣ አንዳንድ ሴል ውስጥ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወርዶ በግድ መልሶታል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ 50 ወይም 100 ዙሮች ቢታይ ግድ የለም። ከዚያ በኋላም ካልጠፋ፣ በተለይም ትልቁ ቁጥር እያደገ ከሄደ፣ ይህን ተከትለው ይሥሩ።

ሎጉን ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው መጥፎ ዙር ያንብቡ። መጀመሪያ ያበደው ማን ነው? ኬ ወይም ኦሜጋ ከሆነ ነገሩ የተርቡለንስ ነው። ግፊቱ ቀድሞ ከሄደ ግን ጥፋቱን ሜሹ ወይም መውጫው ላይ ይፈልጉ፤ ተርቡለንሱ ተከትሎ የተጎዳ ነው።

ከዚያ ከፍንዳታው 5 ዙር ቀደም ብሎ እንዲጽፍ አድርገው ዳግም ያስሂዱ። በፓራቪው ትሬሾልድ የሚለውን ማጣሪያ ከፍተው ኬ ከአማካዩ 100 እጥፍ የበለጠባቸውን ሴሎች ብቻ ያስቀሩ። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሴሎች ብቻ ይቀራሉ፤ ወይ የጠርዝ ንብርብሩ የተሰበረበት፣ ወይ መውጫው ላይ። የት እንዳሉ ካወቁ ምክንያቱ ግማሽ በግማሽ ተገኝቷል።

ሜሹ ደህና ከሆነ አነሳሱን ያለሳልሱት። በፖቴንሻልፎም (ሽክርክሪት የሌለው ቀላል ፍሰት የሚያሰላው) የመነሻ ፍጥነት ይስጡ፣ የመጀመሪያዎቹን 300 ዙሮች በሁሉም ላይ በአፕዊንድ (የተረጋጋ ግን ሸካራ የስሌት ዘዴ) ያስሂዱ፣ ሪላክሴሽኑን ለግፊት 0.3፣ ለፍጥነት 0.5፣ ለኬና ለኦሜጋ 0.4 ያድርጉ። ሲረጋጋ ፍጥነቱን ይበልጥ ትክክለኛ ወደሆነው ሊኒየር አፕዊንድ ያሳድጉ፣ ሪላክሴሽኑንም (ከግፊቱ በቀር) ወደ 0.7 ይመልሱ። ኬና ኦሜጋ በአፕዊንድ ቢቀሩ ብዙ አይጎዳም፤ ፍጥነቱ ግን በአፕዊንድ መቅረት የለበትም። መላቀቁን ያደበዝዝና ጣሪያውን የማይጎዳ የሚመስል ለስላሳ መልስ ይሰጣል።

መብራት ለሚቆራረጥበት አካባቢ አንድ ነገር እዚህ ላይ መባል አለበት። ሲሙሌሽኑ በየ200 ዙር እንዲጽፍና የመጨረሻዎቹን 3 ብቻ እንዲያስቀር፣ ሲነሳም ከመጨረሻው ጊዜ እንዲጀምር አድርገው ያስቀምጡት። መብራት እየጻፈ ሳለ ከሄደ የመጨረሻው ፎልደር ጎዶሎ ይሆናል፤ ያንን አጥፍተው ከሱ በፊት ባለው ይነሱ። ሦስት የምናስቀረው ለዚህ ነው። በብዙ ኮር የሚያስሂዱ ከሆነ በየፕሮሰሰሩ ፎልደር ውስጥ ያው ጊዜ መኖሩን ይዩ። መብራት ከመጣ በኋላ የሚከሰት ምክንያቱ ያልታወቀ ፍንዳታ ብዙ ጊዜ ግማሽ የተጻፈ የኬ ወይም የኑቲ ፋይል ነው፤ ሞዴሉን አይውቀሱት።

ደረጃ 7፦ ሲንጠለጠል

የጣሪያው ጠርዝ ላይ አንድ ፕሮብ (መለኪያ ነጥብ) ያስቀምጡና ግፊቱን በየዙሩ ያስጽፉ። በየዙሩ ያለ ሥርዓት ከዘለለ ወደ ሜሹ ይመለሱ። በእኩል ልክ ወጥቶ ከወረደ ግን አየሩ ራሱ ነው የሚወዛወዘው፤ ቋሚ መልስ የለውም ማለት ነው። ለዝቅተኛው መጋዘን የመጨረሻዎቹን 1,000 ዙሮች አማካይ መውሰድ በአብዛኛው ያስኬዳል። ከመጋዘኑ ጎን ያለ የጭስ ማውጫ ወይም ሲሎ ከሆነ ግን በጊዜ የሚቀየር ስሌት ይግቡ። 3 ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ማውጫ በ10 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ውስጥ በ1.5 ሰከንድ አንድ ጊዜ ሽክርክሪት ይለቃል፤ የጊዜ እርምጃዎን የዚያን መቶኛ፣ 0.015 ሰከንድ፣ አድርገው ይጀምሩ።

ደረጃ 8፦ አሁን ሞዴሉን

እስከዚህ ከደረሱ የኬን ሥዕል በመጋዘኑ መሐል በተቆረጠ ገጽ ላይ ያውጡ። ትልቁ ኬ የት ነው ያለው? ነፋሱ በሚመታው ግድግዳ የላይኛው ጠርዝ ፊት ለፊት ከሆነና ከጣሪያው በላይ መላቀቅ ካልታየ፣ ይህ የስታንዳርድ ኬ-ኤፕሲሎን የታወቀ በሽታ ነው። ይህ ሎንደርና ስፖልዲንግ ያወጡት ሞዴል ተርቡለንስ የሚያመነጨው ከመለጠጥ መጠኑ ካሬ ነው። ነፋሱ ግድግዳውን ሲመታ ሳይሽከረከር ይለጠጣል፤ ሞዴሉ ግን ያንን እንደ ሽር ቆጥሮ ኬን ያናራል። ኬ ሲንር የተርቡለንስ ቪስኮሲቲው ይወፍራል፣ አየሩ እንደ ማር ይዝለገለግና ጠርዙን ተጣብቆ ይዞራል። መላቀቅ የለም፣ ስበትም ያንሳል። ቆርቆሮ የሚያያዝበትን ሚስማርና ብሎን ለመወሰን ይህ ከሚደርሱት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ጣሪያው ከእውነቱ በላይ ጠንካራ መስሎ ይታያልና።

መፍትሔው ሪያላይዘብል ኬ-ኤፕሲሎን ወይም የሜንተር ኬ-ኦሜጋ ኤስኤስቲ ነው። በ1994 የወጣው ኤስኤስቲ በ2003 ሲታደስ የሚመነጨው ኬ ከሚከስመው 10 እጥፍ እንዳያልፍ ተገድቧል፤ የኦፕንፎሙም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ትልቁ ኬ አሁን ከጠርዙ ተነስቶ በጣሪያው ላይ በሚያልፈው የሽር ንብርብር ውስጥ መታየት አለበት። ኤስኤስቲም እንከን አለው፦ የተላቀቀው አየር ተመልሶ ጣሪያውን የሚነካበትን ቦታ ያርቃል፣ ከሕንፃው ኋላ ነፋሱ የሚረግብበትንም ክልል ያስረዝማል። ከመጋዘኑ ኋላ ያለ ጭስ ወይም አቧራ የት እንደሚደርስ ከተጠየቁ ይህን አስቀድመው ይናገሩ።

የዊልኮክስን የ1988 ኬ-ኦሜጋ ለዚህ አይጠቀሙ፤ ከመግቢያው የሚሰጠው የኦሜጋ ቁጥር ትንሽ ሲቀየር መልሱ አብሮ ይቀየራል። ስፓላርት-አልማራስም ለአውሮፕላን ክንፍ የተሠራ ስለሆነ እዚህ ቦታ የለውም።

የመረጡት ሞዴል በእጅዎ በትክክል መቀመጡን ለማረጋገጥ አንድ የታወቀ ፈተና ያሥሩት። ድራይቨርና ሲግሚለር በ1985 በለኩት፣ ወለሉ ላይ እንደ ደረጃ ወደ ታች የሚወርድ እርከን ባለው መተላለፊያ አየሩ ተመልሶ ወለሉን የሚነካው የእርከኑን ቁመት 6.26 እጥፍ ርቀት ላይ ነው። ኤስኤስቲ ከዚያ ጥቂት ያልፋል፣ ስታንዳርድ ኬ-ኤፕሲሎን በግልጽ ያጥራል። የእርስዎ ኤስኤስቲ 5 ላይ ከነካ ስህተቱ ከሞዴሉ አይደለም፤ ወደ ደረጃ 4ና 5 ይመለሱ። ለሕንፃ ደግሞ እንግሊዝ ሲልሶ ውስጥ በሜዳ ላይ የተለካው የ6 ሜትር ኪዩብ አለ፤ የጣሪያ ግፊቱ ታትሞ ስለሚገኝ ለዚህ ዓይነት መጋዘን ከእሱ የተሻለ ማመሳከሪያ ማግኘት ይቸግራል።

ቁጥሩን ከማስረከብዎ በፊት

ሦስት ሜሽ ይሥሩ፤ በየአቅጣጫው በ1.3 እጥፍ እየደቀቀ፣ ማለትም የሴሉ ብዛት በ2.2 እጥፍ እያደገ፦ 0.6፣ 1.3ና 2.9 ሚሊዮን። የግድግዳውን የመጀመሪያ ሴል ውፍረት ግን በሦስቱም ባለበት ይተዉት፤ አብሮ ከደቀቀ ዋይ-ፕላስም አብሮ ይቀየርና የሜሹን ለውጥ ከግድግዳው ለውጥ መለየት አይቻልም። የጠርዙ ግፊት በመጨረሻዎቹ ሁለት መካከል ከ3 በመቶ በታች ከተለወጠ ይበቃል።

የሚሰጡት ግፊት አማካይ መሆኑንም ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ይጻፉ። እነዚህ ሞዴሎች ሁሉ የነፋሱን አማካይ ነው የሚያሰሉት፤ ቆርቆሮ የሚነቅለው ግን ቅጽበታዊው ውርጅብኝ ነው። ለብሎኑ ቁጥር የሚገባው ጫና ከሕንፃ ኮዱ፣ ከኢኤስ ኢኤን 1991-1-4፣ የጫፍ ግፊት ጋር ተነጻጽሮ ትልቁ ይወሰድ። ሲሙሌሽኑ ከኮዱ ያነሰ ስበት ካሳየ ብሎን ለመቀነስ ምክንያት አያድርጉት፤ ወደ ኬው ሥዕል ተመልሰው ትልቁ ኬ የት እንዳለ ደግመው ይዩ።